የጋበዘዎት ሰው

ዛሬ የበር ተራ የኔ ነው።
ዝናብ ነው እንጅባራ፣ ከሌሊት ጀምሮ፣
የሰባኪውን ድምፅ ይውጠዋል ቆርቆሮ።
በክንዴ ስር ደብተር፣ በጆሮዬ እስክሪብቶ፣
ከደፉ ቆሜያለሁ፣ ጫማዬ ውኃ ጠጥቶ።

ይህን ደብተር እንዲህ በቀላል አትዩት፣
ሽማግሌዎቻችን ሦስት ሌሊት መከሩበት።
ሻይ በቴርሞስ ይሁን? ወንበር ይከራይ ወይ?
እንግዳ ከፊት ይቀመጥ? ወይስ ከኋላ፣ ሰው ሳያይ?
ይጨብጨብለት ወይስ ጭብጨባ ያሳፍረዋል?
«ይህ ለንዑስ ኮሚቴ ቢመራ ይሻላል።»
ጋሽ ኢተፋ፣ የደምቢ ዶሎው፣ ጤና ረዳቱ፣
ፕሬስቢቴሪያን ነው ከነአባቱ፣ ከነአያቱ፤
ያለ ድምፅ ብልጫ ውኃ እንኳ አይጠጣም፣
ቃለ ጉባኤ ሳይያዝ ከወንበሩ አይነሣም።
በስድስት ድጋፍ፣ በአንድ ድምፀ ተአቅቦ፣
ተገዛ ይህ ደብተር፣ ከመባው ተስቦ።
አራት ዓምድ አለው፣ በቀይ የተሰመረ፦
ስም። ሰፈር። ስልክ። የጋበዘዎት ሰው።
ሰባት እሑድ አለፈ። ገጹ ነጭ እንደነበረ።

ሰው ዞሮ ያልፈናል። አልፈርድበትም እኔ፤
«የጴንጤ ቤት» ሲባል እሸሽ ነበር ያኔ።

ታዲያ ዛሬ፣ በፍልሰታ፣ ስብከቱ ሲጋመስ፣
አንዲት ሴት ተጠጋች ከጣራው ስር፣ ነጠላዋ እንደ ጅረት ሲፈስ።
ማተቧ ርሶ ጠቁሯል፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣
ጀርባዋን ሰጥታን መንገዱን ታያለች ፈዝዛ።
አፌን ከፈትኩ። ኮሚቴው ያስጠናኝ ንግግር፣
«በጌታ ስም እንኳን ደህና መጡ» የሚለው ነገር፣
ከጉሮሮዬ ቀረ። ደብተሩ ከበደኝ።
ስም ብላት ተመልሳ ዝናብ የምትገባ መሰለኝ።

ከበሩ አጠገብ እማማ ፈንታነሽ አሉ፣
ጆሯቸው የደከመ፣ ስብከት የማይሰሙ፣
በየሳምንቱ ግን ለሰው ሲሉ የሚመጡ።
እሳቸው ናቸው ያዩአት።
ከኮሚቴው የሌሉ፣ ድምፅ ያልሰጡ፣
ምርኩዛቸውን ተክለው እየተንቀጠቀጡ
«ኖር!» አሉ።

አንድ ቃል።
ሰባኪው አቋረጠ። ከፊት ያለው ዞረ።
እንየው፣ ጫኝ አውራጁ፣ «ኖር!» ብሎ ጨመረ፣
ከዚያ ይልፋሸዋ፣ ከዚያ የመዘምራን ረድፍ፣
ከዚያ ጋሽ ኢተፋ፣ ያለ አጀንዳ፣ ያለ ጽሑፍ።
አግዳሚው እየጮኸ ቤቱ በሙሉ ቆመ፣
ዝናቡን እስኪበልጥ «ኖር» እየደጋገመ።

ሴትዮዋ ዞረች።
እናቷ ያስተማረቻት መልስ ከአፏ አመለጠ፤
«በእግዜር! በእግዜር! አይነሡ!» ፊቷ ተለወጠ።
ቀና ብላ አየች አዲሱን ቆርቆሮ፤
«ቤት ለእንቦሳ» አለች፣ እንደ ወጉ፣ እንደ ድሮ።
ላም የለንም። ቢሆንም «እንቦሳ እሰሪ!» አልናት።

ግን ደፉን አላለፈችም።
እኛም «ግቢ» አላልናት፣ እሷም «አልገባም» አላለችም።
እንየው አግዳሚውን በአንድ ትከሻ አንሥቶ
ከጣራው ስር አወጣው፤ ሌላው ተከተለው ሻዩን አምጥቶ።
የቀረው ስብከት እዚያው አለቀ፣ ባጭሩ፣
ምእመኑ ግማሹ ከደጅ፣ ግማሹ ከበሩ።

ድንች መጣ፣ ከነልጣጩ፣ እንፋሎቱ የሚጨስ።
ዳጣው በዘይት ነው፤ ይልፋሸዋ ከማለዳ
«የሚጾም ሰው ቢመጣስ?» ብላ ነበር ከጓዳ።
«ቅዳሴ ሳይወጣ አልቀምስም» አለች እንግዳችን፣
ግን ድንቹን አልመለሰችም፤
በሁለት መዳፏ ይዛ
እጇን ሞቀችበት።

ዝናቡ ሲያባራ ድንቹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ
«ስጦታችሁን ያብዛው» ብላን ሄደች።
ጭቃው ላይ እግሯ ታየ፣ እስከ ዋናው መንገድ።

ያኔ ደብተሩን ገለጥኩ።
ስም፦ አልጠየቅሁም።
ሰፈር፦ ከመንገዱ ማዶ፣ ይመስለኛል።
ስልክ፦ የለም።
የጋበዘዎት ሰው፦ ዝናብ።

ጋሽ ኢተፋ መነጽሩን ጠርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው።
«ይጽደቅ» አለ። «ደጋፊ አለ?»
እማማ ፈንታነሽ፣ ምን እንደተባለ ሳይሰሙ፣
እጃቸውን አወጡ።